ቀን የሌለው ጉዳት

ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድም የተሰበረ ዕቃ የሌለበት ቤት አለ። ብርጭቆዎቹ ከቡፌው መስታወት ጀርባ ሳይጎድሉ ተደርድረዋል። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ወጥ ጠብ አላለበትም። ግድግዳው ላይ የልጅ እጅ፣ የተደገፈ ሰው ጀርባ፣ የምስማር ቀዳዳ የሚባል ነገር አይታይም። እንግዳ ቢገባ "እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው!" ማለቱ አይቀርም ነበር። ችግሩ እንግዳ አይገባም። ባለቤቱ ጌታቸው ብቻውን ይገባል፣ ብቻውን ይወጣል። ሰው ያልነካው ዕቃ ደግሞ አይሰበርም፤ ይህም ሙያ ተብሎ አይመሰገንም።

ጌታቸው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ መድን ድርጅት የመኪና ጉዳት መርማሪ ነበር። መኪና ተጋጭቶ ጋራዥ ሲገባ ይላካል። ዙሪያውን ይዞራል፣ ይንበረከካል፣ ላሜራውን በጣቱ ይዳብሳል፣ ከዚያ ያየውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ለምን በእንግሊዝኛ ቢባል፣ ወረቀቱ ውጭ አገር ድረስ ስለሚሄድ ነው ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ግን በአማርኛ የተጻፈ ጉዳት ለአለቆቹ ጉዳት ስለማይመስላቸው ነው።

እንግሊዝኛ ደግሞ ለጉዳት ስም አይሰስትም። ቀለሙ ብቻ ከተጫረ ስክራች ነው። ላሜራው ከሰረጎደ ዴንት ነው። መስታወቱ ተሰንጥቆ ካልተለያየ ክራክ፣ ጠርዙ ብቻ ከተሸረፈ ቺፕ፣ ወንበሩ ከተቀደደ ቶርን፣ ብረቱ ከዛገ ራስት፣ ፀሐይ ቀለሙን ከበላችው ፌድድ ይባላል። ጌታቸው አዲስ የተቀጠሩትን ሲያሠለጥን አንዱን በሌላው ቦታ የጻፈ ሰው መከራውን ያይ ነበር። "ዳሜጅ ብለህ ብቻ አትለፍ" ይላል። "ዳሜጅ ማለት 'ሰውየው ታሟል' እንደማለት ነው። ሐኪም እንዲህ ብሎ ይጽፋል?" ወጣቶቹ ከኋላው "ጋሽ ስክራች" ይሉት ነበር። ይሰማል፤ አይከፋውም። እንዲያውም ሹመት መስሎ ይታየው ነበር።

ከቃላቱ ሁሉ አብልጦ የሚያከብረው ዌር ኤንድ ቲር የሚሉትን ነው። ይህ የአደጋ ስም አይደለም፤ የኑሮ ስም ነው። ጎማው ተበልቷል፣ መቀመጫው ነትቧል፣ ግን ማንም አልገጨውም፣ ማንም አልመታውም፤ ሲሠራበት ሲሠራበት አልቆ ነው። መድን ለአደጋ ይከፍላል እንጂ ለዚህ ቤሳ አያወጣም። አንድ ጊዜ ፍቅረማርያም የሚባሉ ሽማግሌ የላዳ ታክሲ ሹፌር የመኪናቸው ወለል በዝገት ተበልቶ ተቀዶባቸው መጡ።

"አደጋው የደረሰው መቼ ነው?" አላቸው ጌታቸው።

"አደጋስ አልደረሰም። ዝናቡም ነው፣ ጭቃውም ነው፣ ዘመኑም ነው። አንድ ቀን ዝቅ ብዬ ሳይ አስፋልቱ ታየኝ።"

"እኔ የጠየቅሁዎት ቀኑን ነው።"

"ቀንማ የለውም፣ ልጄ።"

"ቀን የሌለው ጉዳት ካሳ የለውም" አላቸው ጌታቸው።

አባባሉ ለቢሮው ተረትና ምሳሌ ሆኖ ቀረ። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ያወሩለታል፤ ይስቃሉ። ፍቅረማርያም ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አንስተው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ወጡ። ጌታቸው ደንቡን አልጣሰም፤ ደንቡ እንዲያ ነው የሚለው። ደንብ ያልጣሰ ሰው ደግሞ እንቅልፉን ይተኛል፤ ተኝቷልም።

ሰው ኮቱን ቢሮ ሰቅሎ ቤቱ መግባት ይችላል። ዓይኑን ግን የት ይሰቅለዋል? ጌታቸው ቤት ሲገባ ያ ዓይን አብሮት ይገባል። መጋረጃው ወይቧል፤ በሩ ተጣሟል፤ ወጡ ጥሩ ነው፣ ግን ሽንኩርቱ አልበሰለም። ክፋት አልነበረበትም፤ ይህ ይታወቅለት። እንደሚያስነጥስ ሰው ነው፤ ሳይናገር ማለፍ አይችልም።

ሚስቱ በላይነሽ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች፤ ሳቂታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አንዷ። ሰማያዊ አበባ ያለበት አንድ ኩባያ ነበራት፤ ሻይዋን ከዚያ ውጪ በሌላ አትጠጣም። ልጃቸው ኤልዳና ትንሽ ሳለች ከእጇ አምልጦ ወደቀና ከንፈሩ ተሸረፈ። ጌታቸው በየማለዳው ኩባያውን ሲያይ "ቺፕድ ነው፤ ይጣል" ይላል። በላይነሽ መልስ አትሰጠውም። የተሸረፈውን ጎን ወደዚያ አዙራ ትጠጣለች። በማግስቱ ደግሞ "ይጣል" ይላል፤ በማግስቱ ደግሞ ታዞራለች። እንዲህ እያሉ ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገባች።

አንድ ቀን በላይነሽ ራሷ ጠየቀችው። "እናንተ መሥሪያ ቤት ለሁሉም ስም አላችሁ። እኛም እኮ አለን። ጨርቅ ይነትባል፣ እህል ይነቅዛል፣ ዳቦ ይሻግታል፣ ብረት ይዝጋል፣ እንጨት ይበሰብሳል፣ ኩባያ ይሸረፋል። ሰው ደግሞ ይከፋዋል። ይህንንስ በእንግሊዝኛ ምን ትሉታላችሁ?"

"ለሰው የሚሆን ቅጽ የለንም" ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ቶሎ ነው ሳቋን ያቆመችው። ጌታቸው ያን ያስታወሰው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። የሚገርመው፣ ስትስቅ የነበረውን ሁሉ ረስቶ ያቆመችበትን አልረሳም።

በላይነሽ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ለኤልዳና ሽማግሌ መጣ። ልጁ አምላኩ ይባላል፤ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ከኤልዳና ጋር የተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን ነው። ያደገው ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ጥግ ነው። አባቱን አያውቅም፤ እናቱ ከቆሻሻው ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ነው ያስተማሩት። ሕፃን ሳለ የሚጨስ ክምር ውስጥ ወድቆ ግራ ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ ተቃጥሎ ቆዳው ተጨማዷል። ይህን ሁሉ አልደበቀም። እጅጌውን ሰብስቦ የሚሄድ፣ ሲያወራ ሰው ፊት ለፊት የሚያይ ልጅ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ጸለዩ፣ ተነሥተው "ልጃችሁን ለልጃችን" አሉ። ጌታቸው አጠገብ ታላቅ ወንድሙ ተቀምጧል። በላይነሽ ብትኖር ኖሮ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ትረግጠው ነበር፤ የዘወትር ሥራዋ ነበር። አሁን የሚረግጠው አልነበረም።

"ስለ ልጃችን የምትሉት ካለ ደግሞ እንሰማለን" አሉ ዋናው ሽማግሌ።

"ሪማርክ አለኝ" አለ ጌታቸው፣ በጉዳት ቅጽ ላይ አስተያየት እንደሚሞላ ሰው። ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። "ልጁ ጨዋ ነው። ሥራ አለው። ግን ፕሪ ኤግዚስቲንግ ዳሜጅ አለበት።"

ሽማግሌው ጆሯቸውን ቀረብ አደረጉ። "ወንድም ጌታቸው፣ ይህችን እንኳ በአማርኛ ቢነግሩን።"

እዚህ ላይ ነው አፉን መያዝ የነበረበት። በእንግሊዝኛ ሲለው ዕቃ ነበር፤ ሊተረጉመው ሲጀምር ሰው ሆነበት። ግን አንዴ ጀምሯል። "ያው… ሲመጣ አብሮት የመጣ ጉዳት ማለት ነው። ያደገበት ቦታ አለ። አባት የለም። ክንዱም አለ። አሁን ሳይነገር ቀርቶ በኋላ እንዳያነጋግር ብዬ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። ከጓዳው በኩል በትሪ ላይ ብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ ይሰማ ነበር፤ መንቀጫቀጩም ቆመ። ኤልዳና ሻይ ይዛ ልትገባ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። እንግዶቹ የዚያን ዕለት ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

ለምን አለው? በእሱ ሙያ መኪና ሲረከቡ የቆየውን ጉዳት መጀመሪያ መናገር ግድ ነው። ሳይናገር የፈረመ ሰው ጉዳቱ የራሱ ይሆናል፤ ስንቱን በዚህ ሲያስከፍል ኖሯል። ልጁን የሚጠብቃት መስሎት ነው። የሚወዳትን ያህል ነው የተናገረው፤ አነጋገሩ ግን የፍቅር አልነበረም። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም።

ጋብቻው አልፈረሰም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ገብተው አለዘቡት፣ ሠርጉ ተደረገ፣ ጌታቸውም ከፊት ተቀምጦ መረቀ። ሙሽሮቹ ለመልስ መጥተው በሉ፣ ጠጡ፣ ፎቶ ተነሡ። ኤልዳና ልትወጣ ስትል ከኩሽና የእናቷን ኩባያ በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲያ ያንን ደረጃ አልወጣችም። የምትኖረው ከአየር ጤና አለፍ ብሎ፣ ወደ ካራ ቆሬ በሚወስደው መንገድ ነው፤ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ለበዓል ትደውላለች። "እንኳን አደረሰዎት" ትለዋለች። ልጅ ሆና "አንተ" እያለች አንገቱ ላይ ትንጠለጠል የነበረችው ልጅ "እርስዎ" ስትለው፣ ስልኩን ከዘጋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ጆሮው ላይ እንደያዘው ይቀር ነበር።

ብቸኝነት መጀመሪያ ዕረፍት ይመስላል። ጌታቸውም በመጀመሪያው ሰሞን ዕረፍት መስሎት ነበር። ቀስ እያለ ግን የቤቱ ድምፅ ሁሉ የራሱ ብቻ ሆነ፤ የቧንቧው፣ የማንኪያው፣ የሳሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ የድምፅ ማጉያው እንደሚያፏጭ ያስተውላል። ሰባኪው ድሮ ሲወጣ እጁን ጨብጦ "ወንድም ጌታቸው፣ ቃሉ እንዴት ነበር?" ይለው ነበር። አሁን "ጌታ ይባርክህ" ብሎ ያልፋል።

ፊት ለፊት የምትኖረው አልፊያ ብቻ ናት በሩን የምታንኳኳው። ለኢድ ምግብ በሳህን ታመጣለታለች፣ እሱም እየቀመሰ "ጥሩ ነው፣ ግን ጨው…" ይላል። አልፊያ ትስቃለች። "ጋሽ ጌታቸው፣ እርስዎ ጀነት ቢገቡ እንኳ 'የበሩ ማጠፊያ ይጮኻል' ማለትዎ አይቀርም" ትለዋለች። ሳህኗን ግን ትተውለታለች፤ መመለሻ ምክንያት እንዲሆነው። እሱ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በሯ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። አያንኳኳም።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናው ነበር። የእሱና የልጁ ጉዳት ቀን አለው። ቅዳሜ ነበር፣ ሽማግሌ የመጣበት ቅዳሜ። ቀን ያለው ጉዳት ደግሞ ካሳ አለው። ስለዚህ ይቅርታውን አዘጋጅቶ ነበር። ቃል በቃል ያውቀዋል፤ ሲላጭ ይለማመደዋል። እሷ ስትመጣ ይላታል። ብትመጣ ማለት ነው። ሁለት ፋሲካ አለፈ፤ ይቅርታውም አፉ ውስጥ አረጀ።

ጡረታ ከወጣም በኋላ አየር ጤና ያሉትን ጋራዦች እየዞረ ማየት አልተወም። ማንም አይልከውም፤ የተገጩ መኪኖችን አይቶ ይመለሳል። በዚህ ክረምት ማብቂያ ላይ ደግፌ የሚባለው የድሮ ወዳጁ፣ ባለጋራዡ፣ ከአንድ ፒካፕ ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ ተቀበለው።

"እንኳን ደስ አለህ፣ ጌታቸው!"

"ለምኑ?"

"አትደብቀን እንጂ። ኤልዳናን ባለፈው እዚህ ፌርማታው ጋ አየኋት። ደርሳለች እኮ። አያት ልትሆን ነው።"

ጌታቸው አንድ የተሰባበረ የፊት መብራት ላይ ዓይኑን ተከለ። "አዎ" አለ። "ነግራኛለች።"

ዋሸ። በዕድሜው ስንት ሹፌሮች ዋሽተውት ፊታቸው ላይ ያነብ ነበር፤ ደግፌም ከፊቱ ላይ ያነበበ ይመስላል፣ ወዲያው ስለ ቤንዚን ሰልፍ ማውራት ጀመረ። ጌታቸው ዓለም ባንክ ፌርማታ እስኪደርስ በሚኒባሱ መስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ መጣ። የልጅ ልጅ ሊኖረው እንደሆነ ከጋራዥ ሰማ። የዘይትና የቀለም ሽታ መሐል ቆሞ፣ ከሰው አፍ። ከዚህ የበለጠ ብቻውን የሆነበት ቀን አልነበረም፤ የበላይነሽ ቀብር ዕለት እንኳ የሚይዘው ሰው ነበረ።

ያኔ ነው የራሱ ሙያ ደንብ ትዝ ያለው። የተጻፈ ሪማርክ ቢሮ ተቀምጠው አይሰረዝም። መርማሪው ራሱ ዕቃው ያለበት ድረስ ሄዶ፣ እንደገና አይቶ ነው የሚያነሣው። መኪናው ወደ መርማሪው አይመጣም። እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ልጁ ወደ እሱ እንድትመጣ ሲጠብቅ ኖሯል።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ሄደ። ቤታቸው አሮጌ ሕንፃ ላይ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር የቆሼ ሽታ እዚያ ድረስ ይመጣል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ የአንዱ ደረጃ ጠርዝ ተሸርፎ አየ። ቺፕድ ኤጅ አለ ልቡ፣ ሳያስፈቅደው። ተሻግሮት ወጣ።

የከፈተችው ኤልዳና ናት። ሆዷ ገፍቷል፤ ፊቷ ሞላ ብሏል፤ እናቷን መስላለች። እዚያው ደርቃ አየችውና "ይግቡ" አለች።

አምላኩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ እጅጌው ተሰብስቧል፣ ክንዱ ይታያል። ትራስ አመቻቸለት፣ ፍራፍሬውን ተቀበለው፣ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳለት። ከዚያ "ዳቦ ልግዛ፣ መጣሁ" ብሎ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ነበር።

ጌታቸው ጉሮሮውን ጠረገ። ሲላጭ የሚለማመደውን ይቅርታ ጀመረ። ስለዚያ ቅዳሜ፣ ስለዚያ ቃል፣ ለሰው የማይባል ነገር ስለማለቱ፣ እሷን ሊጠብቃት ብሎ እንጂ አምላኩን ሊያዋርደው እንዳልሆነ። ሲለማመደው ረጅም ነበር፤ ሲናገረው ወዲያው አለቀ።

ኤልዳና እስኪጨርስ ጠበቀችው። "የዚያን ቀኑን ትቼዋለሁ" አለች። "አምላኩማ በማግሥቱ ነው የተወው። 'እውነታቸውን ነው፣ ጉዳት አለብኝ' ብሎ ስቋል።"

"ታዲያ ምነው ቀረሽ?"

"አንድ ቀን ቢሆንማ ቀላል ነበር።"

"እንዴት?"

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "ሥዕል ሥዬ አሳይሃለሁ፤ 'ጥሩ ነው፣ ግን' ትለኛለህ። ከክፍል ሦስተኛ ወጥቼ እመጣለሁ፤ 'ጥሩ ነው፣ ግን'። ለእማዬ ልደት ኬክ እጋግራለሁ፤ 'ጥሩ ነው፣ ግን'። እኔ ከ'ግን' በፊት ያለውን ሰምቼው አላውቅም።" ሳታውቀው ከ"እርስዎ" ወጥታ ነበር፤ ንዴቷ ወደ ልጅነቷ መልሷታል። "ያንን ኩባያ የሰበርኩት እኔ ነኝ። በየጠዋቱ 'ይጣል' ስትል የምትለው ለኩባያው ነበር። የምሰማው ግን እኔ ነበርኩ።"

"መቼ ነው እንዲህ…"

"እሱን ነው የማላውቀው። መቼ ብትለኝ አላውቅም። አንድ ጠዋት ስነሣ አንተ ጋ መምጣት አቅቶኛል።" ድምጿ ወረደ። "ይህ ልጅ ሲወለድ መጥተህ ታቅፈዋለህ። መጀመሪያ የምታየው ምኑን ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።"

 ለጌታቸው የላዳው ሹፌር ፍቅረማርያም ትዝ አሉት፤ ባርኔጣቸውን ሲያነሡ። ቀንማ የለውም፣ ልጄ። እሱ አደጋ አድርሻለሁ ብሎ አደጋውን ሊያስጠግን መጥቶ ነበር። አደጋ አልነበረም። የሰበረው አንድ ነገር አልነበረም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየበላት ነው ያለቀችበት፤ ልክ ዝናብና ጭቃ ወለሉን እንደሚበላው። ስንቱን ሰው በዚህ ምክንያት ባዶ እጁን መልሷል። ያን ደንብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላው።

ሻዩን ያነሣው ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላጣ ነው። እጁ ላይ ሲይዘው ነው ያወቀው፦ ሰማያዊው አበባ፣ ደብዝዟል። ከንፈሩ ላይ ያችው ሽራፊ፣ ለአፉ ትክክል ፊት ለፊት መጥታለች። አምላኩ ሳያውቅ ነው የቀዳበት። ኤልዳና ግን አየች። እያየችው እንደሆነ ቀና ሳይል አወቀ።

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። እንደ ማስነጠስ ነው ብለናል፤ አፍንጫው ድረስ መጣ። ጌታቸው ኩባያውን በጣቶቹ መሐል ቀስ አድርጎ አዞረ። ሽራፊዋ ወዲያ ማዶ ሄደች። ጠጣ።

"እማዬ እንዲህ ነበር የምታዞረው" አለች ኤልዳና።

"አውቃለሁ። ሳያት ነበር።"

"ይጣል?"

ጥያቄው ሳቅም ልቅሶም አልነበረበትም። መልሱን ግን ትጠብቅ ነበር። ይቅርታ ብሎ ያመጣው ረጅም ነገር ሁሉ ያልሠራውን፣ ይህች አጭር መልስ ልትሠራ ወይም ልታፈርስ ነው።

"አይጣል" አለ። "ይጠጣበታል።"

ኤልዳና ፔርሙዙን አንሥታ ደገመችለት። ሌላ ነገር አላወሩም። አምላኩ ያለ ዳቦ ተመለሰ፤ ዳቦውን ማንም አልጠየቀውም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤት ኪራይ ተወራ። ጌታቸው ግድግዳው ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት አየ፣ የሶፋውን ስፌት አየ፣ የአምላኩን ክንድም አየ፤ ዓይን አይታሠርም። ከአፉ ግን ምንም አልወጣም። ዝም ማለት እንዴት እንደሚያደክም ያወቀው የዚያን ዕለት ነው።

ሊሄድ ሲነሣ ደግመህ ና አላሉትም። እሱም ልምጣ ብሎ አልጠየቀም። ቤቱ የሚጠብቁት እነዚያ ጤነኛ ብርጭቆዎች እንደሆኑ ያውቃል፤ ነገም ከነገ ወዲያም እንዲያው ሆነው ይጠብቁታል። ሁለት ሦስት ደረጃ እንደወረደ በሩ እንደገና ሲከፈት ሰማ።

"አባዬ" አለች ኤልዳና ከላይ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ "ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዱ ደረጃ ተሸርፏል። ተጠንቅቀህ ውረድ።"

ሲወጣ አይቶት ነበር። "እሺ" አላት፣ ገና አሁን ከእሷ እንደሰማ ሰው፣ የደረጃውንም ብረት ይዞ ቀስ እያለ ወረደ።